ልጄ የታከመበት የልጆች የአጥንት ዕጢ ክፍል፦ የወደድኩትና ይስተካከል የምለው

ፍርዴን ላስቀድም። ልጃችሁ አጥንቱ ወይም ጡንቻው ላይ ዕጢ አለበት ከተባላችሁ፣ የልጆችን የአጥንትና የጡንቻ ዕጢ በቡድን ወደሚያክም ሆስፒታል ውሰዱት። ሩቅም ቢሆን ውሰዱት። ደግሞ ማንም ሰው ዕጢውን በመርፌም ሆነ በምላጭ ከመንካቱ በፊት ይሁን።

ልጄ የታከመበት ክፍል እንዲህ ያለ ነው። ጉድለት የለበትም አልልም፤ እሱንም እጽፋለሁ። ግን ሥራውን እንደዚህ አስቦበት የሚሠራ ቦታ አይቼ አላውቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ እናት ነኝ። የምጽፈው ከአልጋው ጎን ካለችው ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። አሠራሩን ካወቃችሁት የትም ብትሆኑ ጥሩውን ክፍል ትለዩበታላችሁ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኳስ ካልነካ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። ቀኝ እግሩን፣ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ያመኛል ይል ጀመር። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም «ኳስ ላይ ተመትቶ ነው» ብሎ ቅባትና ማስታገሻ ሰጠን። ሕመሙ ሲብስ ተመልሰን ሄድን። «እያደገ ስለሆነ ነው» ተባልን። ራጅ ይነሳ ያለ ሰው አልነበረም። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። የእድገት ሕመም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው የሚያመው። ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ልጁ እንደልቡ ይሮጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሙጭጭ ያለ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚብስ፣ ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። እብጠት ከታከለበትማ ራጅ ሳይነሳ ወደ ቤት አትመለሱ። ጡንቻ ውስጥ ያለ እብጠትም እንደዚሁ ነው። እያደገ የሚሄድ፣ ጠለቅ ያለ፣ ወይም ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ከሆነ፣ ባያምም በቶሎ መታየት አለበት።

ጉዳዩ የተቀየረው ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ነው። እሳቸው ራጅ አስነሱት። ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርገው አዩት፣ ደግመው አዩት። ከዚያ «እናቱ፣ እዚህ ምንም አንነካውም። ዛሬውኑ ሪፈር እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። ለምርመራ ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ለምን እዚሁ አይወሰድም ብዬ ጠየቅኋቸው። «ናሙናውን መውሰድ ያለበት ኦፕሬሽኑን የሚሠራው ሰው ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ልጄን ከጠቀሙት ሰዎች ውስጥ እኚህን ሐኪም መጀመሪያ ነው የማስቀምጣቸው።

ወደ ዋናው ሆስፒታል ስንደርስ የገረመኝ ሁሉም አንድ ላይ መሆናቸው ነው። የልጆች ካንሰር ሐኪም፣ የአጥንት ዕጢ ቀዶ ሐኪም፣ ራጅና ኤምአርአይ የሚያነብ ሐኪም፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያይ ፓቶሎጂስት፣ የጨረር ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ። በየሳምንቱ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ልጅ ፊልም ግድግዳ ላይ እያዩ ይነጋገራሉ። አንዱ ሐኪም ሌላው ያለውን አያውቅም የሚባል ነገር የለም። እኛ ደግሞ የምንደውልላት አንዲት አስተባባሪ ሲስተር አለች። ቀጠሮ ሲቀየር የምትነግረን እሷ ናት። የጠፋ ውጤት የምታፈላልገውም እሷ ናት። ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተተ ሰው የአንድ ስልክ ቁጥር ዋጋ ይገባዋል።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ኤምአርአይ። ያመመውን ቦታ ብቻ አይደለም፣ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ሙሉውን የጭን አጥንት አነሱት። አንዳንዴ ዕጢው እዚያው አጥንት ላይ ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ቅንጣት ይጥላል። ያን ሳያዩ መቁረጥ አይቻልም። ቀጥሎ የደረት ሲቲ ስካን፤ ይህ በሽታ ከሁሉ በፊት የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ከዚያ የመላ አካል የአጥንት ምርመራ። ናሙና የተወሰደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ናሙናው በደንብ ልጻፍ። የዚህ ክፍል ጥንካሬ የታየኝ እዚያ ላይ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው መጡ። እስክሪብቶ አወጡና የልጄ ጭን ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ። «ማሙሽ፣ ወደፊት ኦፕሬሽን ስንሠራ የምንከፍተው በዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ መርፌዋም የምትገባው በዚሁ መስመር ላይ ነው» አሉት። ለእኔ ደግሞ ምክንያቱን ነገሩኝ። መርፌ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ በመንገዱ ላይ የካንሰር ሴል ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ያ መንገድ በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ ተቆርጦ መውጣት አለበት። መርፌው በማይሆን ቦታ ከገባ፣ ወይም ደም ሥርና ነርቭ ያለበትን ክፍል ካቋረጠ፣ ሊተርፍ የሚችል እግር ሊቆረጥ ይችላል። ከመርፌዋ የቀረችው ጠባሳ የሩዝ ፍሬ አታክልም። በዋናው ኦፕሬሽን ቀን እሷም ከነዙሪያዋ ወጣች።

ይሄ የአንድ ሐኪም ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት የ597 ታማሚዎችን ናሙና አወሳሰድ መርምረው ነበር። ናሙናው ዋናው ሕክምና ከሚሰጥበት ማዕከል ውጭ ሲወሰድ ስህተቱና ጉዳቱ ከ2 እስከ 12 እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአንድ ሰው ልጅ እብጠት ወጣበት ሲባል ከሰማሁ መጀመሪያ የምጠይቀው «ናሙናውን ማን ነው የሚወስደው?» ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚነግረን፣ በስልክ ይሁን በአካል፣ የነገረን ሰው አልነበረም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርድ ነበር። አጥንት ያለበት ናሙና ለስልሶ እስኪቆረጥና ልዩ ልዩ ቀለም እስኪገባበት ጊዜ እንደሚወስድ በኋላ ሲገባኝ ተረጋጋሁ። ይህን በአንዲት ወረቀት ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል?

ውጤቱን የነገሩን ግን በሚገባ ነው። በር ዘግተው፣ ስልካቸውን አጥፍተው፣ እኔንና አባቱን አስቀምጠው። ኦስቲዮሳርኮማ ነው አሉን። ከአጥንቱ ከራሱ የሚነሳ ካንሰር ነው። በልጆችና በጎረምሶች ላይ ከሚነሱት የአጥንት ካንሰሮች በብዛት የሚታየው እሱ ነው፤ በብዛት የሚወጣውም ጉልበት አካባቢ፣ አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት ቦታ ነው። ያጠፋችሁት ነገር የለም አሉን። መውደቅ አያመጣውም፣ ኳስም አያመጣውም። ዶክተሯ ቁጥሩንም አልደበቁም። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሳይመጣ በፊት እግሩ ወዲያው ቢቆረጥ እንኳ ከአምስት ልጆች አንዱ ቢተርፍ ነበር፤ ዓይን የማያያቸው ሴሎች ቀድመው ሳንባ ውስጥ ገብተው ነበርና። ዛሬ ሲጀመር ወደ ሳንባ ካልተሠራጨባቸው ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ይድናሉ። አባቱ «ከሦስቱ አንዱስ?» አለ። ዶክተሯ አላለፉትም። «እሱን ነው አብረን የምንታገለው» አሉት። እንደዚያ በቀጥታ ስለነገሩን ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁሉ አመንኩ።

ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ልቡን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ኩላሊቱን አዩ፣ ጆሮውን ለኩ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ለጎረምሶቹ ደግሞ ወደፊት ልጅ መውለድ እንዲችሉ ምን ሊቀመጥላቸው እንደሚችል ቀድመው ያነሳሉ። እኔ ይህን ለመጠየቅ አስቤው አላውቅም ነበር። ከቆዳው ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ ፖርት የምትባል ትንሽ ዕቃ ቀበሩለት። ከዚያ ወዲያ ክንዱን እየወጉ ደም ሥር መፈለግ ቀረ።

መድኃኒቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን። አሥር ሳምንት ገደማ ከኦፕሬሽኑ በፊት ይሰጣሉ፣ ቀሪው ከኦፕሬሽኑ በኋላ። በወረቀት ላይ ያለው ዕቅድ 29 ሳምንት ነው። በተግባር ግን ደሙ ይወርዳል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ይገፋል። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። ሲስተሯ መርፌውን ከማገናኘቷ በፊት «ሽንትህ ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፤ እንዳትደነግጥ» አለችው። እንዳለችውም ሆነ። ልጁም አልደነገጠም።

ይህን ክፍል ከሌላው የሚለየው የሜቶትሬክሴት ሌሊት ነው። ይህ መድኃኒት በጣም በብዛት ነው የሚሰጠው። መድኃኒቱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ሽንቱ ኮምጣጣ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው ኩላሊት ውስጥ ይረጋና ይጎዳዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጉሉኮስና ባይካርቦኔት በደም ሥሩ ይሰጣል። ሽንቱ በኮምጣጣነት መለኪያዋ ወረቀት ላይ 7 ካልደረሰ አይጀመርም (ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል)፤ ከተጀመረ በኋላም ከዚያ መውረድ የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ የሸናውን ሁሉ ይለካሉ። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ ይጻፋል። ሲስተሯ ወረቀቷን ትነክርና በባትሪ ብርሃን ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር ታስተያያለች። ልጄ ቀስ በቀስ ራሱ ማንበብ ጀመረ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከመታጠቢያ ቤት «ሲስተር፣ ሰባት ተኩል!» እያለ ይጮህ ነበር። የጎን አልጋው ልጅም የራሱን ይናገራል።

በ24 ሰዓቱ ሊዩኮቮሪን የሚባለው ማዳኛ መድኃኒት ይጀመራል። ጤነኛውን ሴል ከመርዙ የሚያወጣው እሱ ነው። ሰዓቱ ዝንፍ ማለት የለበትም፤ ዝንፍ ሲልም አላየሁም። የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ በየቀኑ ይለካል፤ ከተወሰነው በታች ካልወረደ ወደ ቤት አይላክም። አንዴ የቆየ ማስታገሻ ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲስተሯ አየችኝ። አይቡፕሮፌን ነበር። «ይሄ ከሜቶትሬክሴት ጋር አይሄድም፤ እኛን ሳትጠይቂ ምንም አትስጪው» አለችና ምክንያቱን አስረዳችኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ ሌላ ምን ምን እንደማይሰጥ የሚገልጸውን ወረቀት አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፈችልን።

ትኩሳትን በተመለከተ አንድ ካርድ ሰጡን። ካርዱ ላይ «38 ከደረሰ ወዲያው አምጡ፤ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚል ተጽፏል። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ነገን መጠበቅ የለም። ክፍሉ ይህን ያውቃል። ድንገተኛ ክፍሉ ግን ሁልጊዜ አያውቅም። አንድ ሌሊት ካርዱን እያሳየሁ «ተራሽን ጠብቂ» ተባልኩ። የሚያስል ሰው በሞላበት ኮሪደር ቆመን ቀረን። በመጨረሻ አስተባባሪዋ ሲስተር ከቤቷ በስልክ አስፈታችው። ማግስቱን ጠዋት ለክፍሉ ኃላፊ አመለከትኩ። አዳመጡኝ፤ ለውጥም አይቻለሁ። ያም ሆኖ የካንሰር ልጅ በድንገተኛ በር ሲመጣ የሚያልፍበት መንገድ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ተረኛ በተቀየረ ቁጥር የሚቀየር ነገር መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ኦፕሬሽኑ። ሕክምናውን ከጀመርን ጀምሮ ቀኑንም ሌሊቱንም የማስበው እሱን ነበር።

ሐኪሙ ሦስት መንገድ አስቀመጡልን። አንደኛው ዕጢውን ከጉልበቱ ጋር አውጥቶ በብረት መገጣጠሚያ መተካት ነው። ለልጆች የሚረዝም ዓይነት አለ፤ አንዳንዱ ያለ ቢላ፣ ከውጭ በማግኔት ጥቂት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። እግሩ እግር ይመስላል። ግን ብረቱ ያልቃል፣ ይላላል፣ ኢንፌክሽን ሊገባው ይችላል። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ በዕድሜው ብዙ ኦፕሬሽን ይጠብቀዋል። ሩጫና ኳስም አይመከርለትም። ሁለተኛው ከጭኑ ላይ መቁረጥ ነው። ሦስተኛውን ሲነግሩን አባቱ መጀመሪያ መስማት አልፈለገም።

ሦስተኛው ሮቴሽንፕላስቲ ይባላል። ዕጢው ያለበት የጭኑ ክፍል ከጉልበቱ ጋር ይወጣል። ዋናው ነርቭ ግን አይቆረጥም። ከታች ያለው እግር ወደ ላይ ተስቦ፣ ግማሽ ዙር ተዞሮ፣ ከቀረው ጭን ጋር በብረትና በብሎን ይያያዛል። ተረከዙ ወደ ፊት፣ ጣቶቹ ወደ ኋላ ይሆናሉ። ቁርጭምጭሚቱ የጉልበትን ሥራ ይሠራል። ሰው ሠራሹ እግር የሚጠለቀው በዚያ ላይ ነው። ልጁ የሚንቀሳቀሰው ከጉልበቱ በታች እንደተቆረጠ ሰው ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነርቩ ስላልተቆረጠ የሌለ እግር ያመኛል የሚባለው ሥቃይም አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። አጥንቱም የራሱ ስለሆነ አብሮት ያድጋል። ሐኪሙ ይህ አዲስ ሙከራ አለመሆኑን ነገሩን። ቦርግሬቭ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1927 በሌላ በሽታ ባጠረ እግር ላይ ሠርቶታል። ቪየና ውስጥ ደግሞ ሳልዘር እ.ኤ.አ. በ1974 ለአጥንት ካንሰር ተጠቅሞበታል።

መልኩ ግን ከባድ ነው። ፎቶውን ሲያሳዩን ወዲያው ዞርኩ። አባቱ «ሰው ምን ይለዋል? ትልቅ ሲሆን እኛን ምን ይለናል?» አለ። ሐኪሙ አልተቻኮሉም። «ዛሬ አትወስኑ» አሉ። «አንድ ልጅ ላስተዋውቃችሁ።»

የመጣው ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። በእግሩ ደረጃውን ወጥቶ ገባ። ሱሪ ለብሶ ስለነበር ትንሽ ከማዘንበሉ በቀር ምንም አይታወቅበትም። ተቀመጠና ሰው ሠራሹን እግር አወለቀ። ካልሲውን ሳብ አደረገ። ወደ ኋላ የዞረው እግሩ ወጣ። ጣቶቹን አወዛወዘ። ልጄ ቀረብ ብሎ አየ፣ አየ፣ ከዚያ «መንካት ይቻላል?» አለ። «ንካ» አለው። አውራ ጣቱን በሁለት ጣቶቹ ያዘና «ይሰማሃል?» አለው። «አንተ ጣትህን ስትነካው የሚሰማህ እንደዛው ነው የሚሰማኝ።» ከዚያ ስለ እግር መነጋገር አቆሙና ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ። በረኛ ነህ፣ አጥቂ ነህ? የት ሜዳ ትጫወታለህ? እኛ እዚያ ያለን አንመስልም ነበር። ልጁ ሲወጣ ልጄ «እማ፣ እኔ እንደሱ ነው የምፈልገው» አለኝ።

በዚያ ቀን ብቻ አልወሰንም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከልጁ ጋር ብቻውን ተነጋገረች። እግሩ ሊዞር የሚችል አሻንጉሊት ሰጥታው ራሱ ደጋግሞ ሠራው። ከአባቱ ጋርም ለብቻ ተቀመጠች። ስለ ሰርጉ፣ ስለ ዋና፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ሁሉንም አነሱ። ውሳኔው የቤተሰባችን ነበር፤ ማንም አልገፋንም። በጎን ያለችው ቤተሰብ የብረቱን መረጠች፤ እነሱም ለልጃቸው ልክ ነበሩ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እድገቷን ልትጨርስ ምንም አልቀራት።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ያለው ሌሊት ረጅም ነበር። በየሰዓቱ ጣቶቹን እየነኩ ሙቀቱንና ቀለሙን ያዩ ነበር፤ ደም ሥሩ ቢታጠፍ ቶሎ እንዲደርሱበት። ልጄ ሲነቃ መጀመሪያ ያደረገው ጣቶቹን ማወዛወዝ ነው። አባቱ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር እነዚያን ጣቶች በመዳፉ ያዘ።

ቀጥሎ የፓቶሎጂ ውጤት መጣ። የወጣውን አጥንት በሙሉ ቆራርጠው፣ ኬሞው ከዕጢው ስንት እጁን እንደገደለ ያያሉ። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ምላሽ ይባላል። የእኛ 80 ገደማ ነበር። ወዲያው «ታዲያ ሌላ መድኃኒት ለምን አይጨመርም?» አልኩ። ዶክተሯ ጥያቄውን ንቀው አላለፉትም። ዩራሞስ-1 ስለሚባል ጥናት ነገሩኝ። በ17 አገሮች ከ2,000 በላይ ታማሚዎች የተመዘገቡበት ነው። እንደ ልጄ ምላሻቸው ዝቅ ላለ ታማሚዎች ሁለት ተጨማሪ መድኃኒት ቢሰጥም ውጤቱ አልተሻለም፤ ጉዳቱ ግን በዛ። ስለዚህ በሦስቱ መድኃኒቶች ቀጠልን። ደስ የሚል መልስ አልነበረም። ግን ማስረጃ ያለው መልስ ነበር፤ ጭንቀት ላይ ያለን ወላጅ ዝም ለማሰኘት ሲባል ልጁ ላይ መርዝ አልጨመሩም።

በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ አንድ በሽታ የላቸውም፤ ይህም የቡድኑን አስፈላጊነት ያሳያል። አንዷ ልጅ ዳሌዋ ላይ ዩዊንግ ሳርኮማ የሚባል ሌላ የአጥንት ካንሰር ነበረባት። ትኩሳት ስለነበራት ሌላ ቦታ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ተብላ ብዙ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። ዩዊንግን ከኦስቲዮሳርኮማ በተለየ ጨረር በደንብ ያጠቃዋል፤ እና ለእሷ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ጨረሩ ዋና ነገር ሆነ። አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ደግሞ ከጡንቻ የሚነሳ ራብዶማዮሳርኮማ ነበረበት፤ በልጆች ለስላሳ አካል ላይ ከሚወጡት ካንሰሮች ብዙ የሚታየው እሱ ነው። አንድ ጎረምሳ ሌሊት ሌሊት ብቻ ያመው ነበር፤ ማስታገሻ ሲወስድ ሕመሙ ጥፍት ይላል። ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። በሲቲ ስካን እየመሩ በሚሞቅ መርፌ አቃጠሉለትና ወዲያው ወደ ቤቱ ሄደ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰች አቀፈችኝ። ዕጢ የተባለ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ግን ያስፈልጋል።

የቀሩትን ቅሬታዎቼን ልጨርስ። ሲስፕላቲን ጆሮ ይጎዳል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ልጁ መስማት እንደቀነሰ ቤት ውስጥ አይታወቅም። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት የለኩት። በመሐል ያሉትን የጆሮ ቀጠሮዎች ግን እኛ ካልጎተጎትን የሚያስታውስ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ለአስታማሚ የሚሰጡት ወንበር ለመኝታ አይሆንም፤ ወገቤ እስካሁን ያመኛል። ሦስተኛ፣ ታላቅ እህቱን ማንም አላሰባትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እናቷን ለወራት ያጣችው በወንድሟ ሕመም ነው፤ ወደ ክፍሉም ለመግባት ዕድሜዋ አይፈቅድም ነበር። በመስታወት በኩል ነበር የሚተያዩት። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እህቱን ያነጋገረቻት እኔ ለምኜ ነው። የወንድምና የእህት ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ትምህርቱን በተመለከተ ግን እጅ ነስቻለሁ። የክፍሉ አስተማሪ አልጋው ድረስ እየመጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር እየተጻጻፈ፣ ልጁ ክፍል ሳይደግም አለፈ። ፊዚዮቴራፒስቱም እንዲሁ። ቁርጭምጭሚቱን እንደ ጉልበት ማሠራት ከባድ ትምህርት ነው። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ለመያያዝም ይዘገያል። ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ በአልጋ ላይ፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች፣ በኋላ ያለ ክራንች አስኬደው። አላስቸኮለውም፤ አላዘነለትምም። አሁን ይሮጣል፤ አሯሯጡ የራሱ ነው። አጥቂነቱን ትቶ በረኛ ሆኗል።

ክትትሉ አላለቀም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ ገደማ ደረቱን ያዩታል፣ ከዚያ እየተራራቀ ይሄዳል። የምርመራው ሳምንት ሲደርስ ቤታችን ዝም ይላል። ልቡንም ለዕድሜ ልኩ ማሳየት አለበት፤ ዶክሶሩቢሲን ከዓመታት በኋላም የልብ ጡንቻን ሊያደክም ይችላል። ሕክምናው ሲያልቅ አስተባባሪዋ ሲስተር አንድ ወረቀት ሰጠችን። የወሰደው የእያንዳንዱ መድኃኒት ድምር መጠን፣ የኦፕሬሽኑ ዓይነት፣ የመጨረሻው የጆሮና የልብ ውጤት፣ ወደፊት ምን በየስንት ጊዜው መታየት እንዳለበት ሁሉ አለበት። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው የሚያየው ሐኪም እኛን አያውቀንም፤ ወረቀቷን ግን ያነባል። እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ሳትቀበሉ ከሆስፒታል አትውጡ። አንዱን ኮፒ ቤት አስቀምጡ፣ አንዱን ለልጁ ስጡት።